ድንጋዩ አማቴ

የዚህን ታሪክ መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት ያላነበባችሁ ብዙ አልቀረባችሁም። እኔ ዲስኪትን እወዳት ነበር፤ አልነገርኳትም። እሷ ትውደደኝ አትውደደኝ አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ነገሩ ይኸው ነው። የተረፈው ብርድና ወሬ ነበር፤ ብርዱ የተራራው፣ ወሬው የኔ።

ሙሩፕ እባላለሁ። ከሌህ ከተማ የተነሳ መኪና ቀኑን ሙሉ አቧራ ጠጥቶ በሚደርስባት በሩምዶ መንደር የቀጥቃጩ ቤት ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ ጋር ተጣልተን ተለያየን፤ እስከ ዛሬ አስታራቂ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ወናፍ እነፋለሁ፣ ብረት እቀጠቅጣለሁ። ሲመሽ ደግሞ ሻንሪ ተራራ ላይ አውሬና ከዋክብት ፎቶ ሊያነሱ የሚመጡትን እየመራሁ እወጣለሁ።

ሻንሪ ላይ ዛፍ የለም፤ ዝናብም መንገዱን ካልሳተ በቀር አይመጣም። ሰማዩ ግን ቅርብ ነው። ለእንግዶቹ፣ «አያቴ ትንባሆውን የሚለኩሰው ከኮከብ ነበር፤ አንድ ቀን ጎንበስ ያለች ኮከብ ጺሙን ለበለበችውና ማጨስ ተወ» እላቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ይጽፈዋል። ለአንድ የሙምባይ ሰውዬ ደግሞ የበረዶ ነብር በግራ ጎኑ ፎቶ መነሳት እንደማይወድ ነገርኩት። ነብሩ ሲመጣ በግራ ጎኑ መጣ። ሰውየው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀው።

ይህን ስነግራት ዲስኪት በረዶው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አንተ ቀጣፊ» አለችኝ። ሌላ ሰው ቀጣፊ ሲለኝ ስድብ ነው። እሷ ስትለኝ ግን ለነገ ሌላ ውሸት እስካዘጋጅላት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዲስኪት የላይኛው ቤት ልጅ ናት። አባቷ አዣንግ ፑንትሶግ የመንደሩ አለቃ ናቸው። አዣንግ የምላቸው አጎቴ ሆነው አይደለም፤ እኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ሁሉ አጎት ነው። ልጃቸውን ዴልሂ ድረስ ልከው አስተማሯት፤ ሐኪም ሆና ትመጣለች ሲሉ ካሜራ አንግታ መጣች። የምትፈልገው አንድ ፎቶ ነው፤ የበረዶ ነብር ከነሙሉ ግርማው ቆሞ፣ ከጀርባው ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ። ነብር ደግሞ ሰው ባለበት አይመጣም። ስለዚህ አንድ ካሜራዋን፣ ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ራሱ እንዲያነሳ አድርጋ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ፊት ለፊት ተከለችው። ካሜራው የተቀመጠበትን የብረት ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህ ውሸት አይደለም።

ሌሊት ተራራ ላይ ነጭ መብራት አይበራም፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ይታወራል፣ ፎቶም ይበላሻል። ግንባራችን ላይ የምናስረው ቀይ መብራት ነው። ቀን መንደር ውስጥ ስንገናኝ ደግሞ እኔ የማየው ጫማዬን ነው። ስለዚህ ዲስኪትን በደንብ ያየኋት በቀይ ብርሃን ብቻ ነበር። በሕልሜ እንኳ የምትመጣው ቀይ ሆና ነው፤ ከእሳት እንደወጣ ብረት። ብረት በቀላ ሰዓት እጅ እንደማይሰደድበት ደግሞ ከቀጥቃጭ ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ቀጥቃጮች የራሳችንን የእንጨት ኩባያ በደረታችን ይዘን ነው የምንዞረው። ድግስ ስንጠራ በሩ አጠገብ እንቀመጣለን፤ ኩባያችንን አውጥተን እንዘረጋለን፤ ከላይ ይቀዳልናል። ክፉ ቃል የሚናገረን የለም። ሻዩ ያው ሻይ ነው፣ ቅቤውም አይጎድልም። ብቻ፣ ኩባያ ከኩባያ አይነካካም።

አንድ ሌሊት ዲስኪት ኩባያዋን ረስታ መጣች። «ያንተን አቀብለኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። እኔ ኩባያዬን ወደ ደረቴ መለስኩና፣ «አይሆንም፤ አያቴ ጋኔን አስሮበታል፣ ሴት ከጠጣችበት ጺም ታበቅላለች» አልኳት።

ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም። ሻይዋን በቴርሞሱ ክዳን ጠጣችና ቀይ መብራቷን አጠፋች። ለምን እንዳጠፋችው እያሰብኩ ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ፤ አልገባኝም። ልቤ ላይ ግን የሆነ ነገር እንደጠፋ ገብቶኛል።

በኛ አገር ሴት ልጅ የምትጠየቀው በጠላ ነው። የልጁ ወገኖች የገብስ ጠላ በመዳብ ማንቆርቆሪያ ይሞላሉ፣ አፉ ላይ ቅቤ ይለጥፋሉ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ ያስራሉ። የልጅቱ አባት ከጠጣ ሰጥቷል። ካልጠጣ ማንቆርቆሪያው እንደሞላ ይመለሳል፤ መንደሩም ሞልቶ የሚመለስ ማንቆርቆሪያ ከሩቅ ያውቃል። የቀጥቃጭ ቤት ጠላ ደግሞ ላይኛው ቤት ተጠጥቶ አያውቅም። ተወስዶም አያውቅ።

የሌህ ነጋዴዎች ዲስኪትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ እኔም ልቅደማቸው አልኩ። ችግሩ ምላሴ ነው። ውሸት ሲሆን እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ እውነት ሲሆን እንደ ብርድ ቀን ሞተር ይንተፋተፋል እንጂ አይነሳም። ስለዚህ ልለማመድ ወሰንኩ። ካሜራው ፊት ያለው ድንጋይ አዣንግ ፑንትሶግን ቁርጥ ነው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ሲያናግሩት ወደ ሌላ የሚያይ። ካሜራው እንደሆነ ሞቷል። መሥራቱን የምታሳየው ትንሽ መብራት አትታይም፤ ባትሪውን ብርድ በልቶታል ብዬ ደስ አለኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሳልነግራት ቆየሁ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ፍኖተ ሐሊብ ከገደሉ ጀርባ በሚወጣበት ሰዓት፣ የእናቴን ማንቆርቆሪያ ጠላ ሞልቼ ይዤ፣ ቅቤ ለጥፌ፣ የሟች አባቴን የበዓል ካፖርት ለብሼ ድንጋዩ ፊት ቆምኩ።

«አዣንግ፣ በአንድ ወቅት አያቴ ከተራራው ጌታ ጋር ሲጫወት…» ብዬ ጀመርኩና ራሴን በጥፊ መታሁ።

በሌላው ሌሊት «ልጅዎን እወ…» እንዳልኩ አስነጠሰኝ። ደግሞ በሌላው ድንጋዩን ተቆጣሁት፤ «ምን ጎደለኝ?» አልኩት፤ የጎደለኝን ራሴው መዘርዘር ጀምሬ ሳልጨርስ ነጋ። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ እያጠረ እያጠረ ሄደና አለቀ። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ዝም ብዬ መቆም ብቻ ቀረ። ኮከቦቹ እንደ ፈሰሰ በሶ ከላዬ ተበትነዋል። ድንጋዩ ዝም፣ እኔም ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ራሴን ካወቅኩበት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልዋሸሁ መሰለኝ።

* * *

አርብ ቀን የዲስኪት አክስት ፓድማ የተሰነጠቀ ድስት ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ውጭ ቆማ ድስቱን ደፍ ላይ አስቀመጠችና ወሬዋን ወደ ውስጥ ወረወረች።

«ፈጠን በል እንግዲህ፤ ለእሁድ እፈልገዋለሁ። የሌህ ሰዎች ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው እሁድ ይመጣሉ።»

መዶሻዬ አየር ላይ ቀረ። «ዲስኪትስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ዝም አለች። ዝም ያለች ልጅ እሺ ብላለች ነዋ።»

መዶሻው ወረደ። ድስቱ ላይ ያልነበረ ሁለተኛ ስንጥቅ ተጨመረበት። እናቴ አየችኝ፣ ድስቱን አየች፤ ምንም አላለችም። እናቴ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

የዚያን ሌሊት የመጨረሻዬን ወጣሁ። ካፖርቱን አልለበስኩም። ማንቆርቆሪያውን ከነ ጠላው፣ ከነቅቤው፣ ከነነጭ ሻሹ ድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩት።

«እንካ» አልኩት ድንጋዩን። «አንተ እንኳ ፊት ለፊት እንቢ አላልከኝም።»

ቁልቁል ስወርድ ቀዩን መብራት አላበራሁትም። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ኩባያዬ ግን በየእርምጃው ደረቴን ይመታኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት እንደሚመታ ልብ ብዬው አላውቅም።

* * *

በማግስቱ ቀትር ላይ ዲስኪት ወደ ቀጥቃጭ ቤታችን ገባች። ገባች ነው የምላችሁ። የላይኛው ቤት ሰው ያንን ደፍ ሲሻገር እናቴም አላየች፣ የእናቴም እናት አላየች። ጫማዋ በረዶ ይዟል፣ ፀጉሯ ተበትኗል። በአንድ እጇ ካሜራ ይዛለች፣ በሌላው የእናቴን ማንቆርቆሪያ።

እናቴ ወናፉን አቆመች። «ማንቆርቆሪያዬ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጠዋት ስጠይቅህ ቁራ ይዞት ሲበር አየሁ አላልከኝም?»

«ትልቅ ቁራ ነበር፣ አማ» አልኩ በደከመ ድምፅ።

ዲስኪት አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀመጠች፤ የከሰል ክምር ላይ፣ በዚያ ንጹሕ ካፖርቷ። በበሩ የገባው የቀን ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ ለካ። አፍንጫዋን ፀሐይ ልጦታል። በቀይ ብርሃን ይህ ሁሉ አይታይም።

«ና እዚህ፣ ቀጣፊ። ይህን እይ።»

የካሜራውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። ድንጋዩ፣ ኮከቦቹ፣ ከመሃል አንድ ረጅም ጭስ።

«ይሄ ማነው?»

«ጭስ ነዋ።»

«ካፖርት የለበሰ ጭስ?»

«ተራራው ላይ አንዳንዴ…»

«ሙሩፕ።»

ያ ካሜራ ብልጭታ የለውም፤ በኮከብ ብርሃን ነው የሚያነሳው። ዓይኑን ከፍቶ ይቆይና ብርሃኑን ቀስ እያለ ይጠጣል። በዚያ መሃል የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጭስ ይሆናል፤ ጸጥ ብሎ የቆመ ብቻ መልኩን ይዞ ይቀራል።

«ባትሪው ሞቶ ነበር እኮ» አልኩ። «መብራቷ አትታይም።»

«መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌባታለሁ፤ አውሬ ታባርራለች ብዬ። እንዲህ ያለው አውሬ ይመጣል ብዬ መች ጠረጠርኩ።» ጣቷ ስክሪኑን ገፋ። ጭስ ጥፊ ሲመታ። ጭስ ሲያስነጥስ። ጭስ ድንጋይ ሲቆጣ። ከዚያ ጣቷ ቆመ። «ይህችን ግን እያት።»

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጄ ዘርግቼ የቆምኩባት ናት። ጭስ የለም። የካፖርቴ ቁልፍ እንኳ ይቆጠራል።

«አንተን ጸጥ ብለህ ቆመህ አይቼህ አላውቅም» አለች። «ስታወራ ትወዛወዛለህ፣ ስትበላ ትወዛወዛለህ፣ ተኝተህም ትወዛወዛለህ መሰለኝ። እዚህ ግን ድንጋዩና አንተ እኩል ቆማችኋል። ምን እያልክ ነበር?»

«ምንም። ቃሉ አልቆብኝ ነበር።»

ዓይኗ ሞላ። «ድንጋይ ስትለምን ከረምክ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቀኝ።»

«አንቺ ዝም አልሽ አሉ። ለሌህ ሰዎች።»

«ዝም አልኩ። አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ፤ ተራው ያንተ ነበር። ኩባያህን ስጠይቅህ ጋኔን አለበት ብለህ ደበቅከው። የኔን አፍ የተጸየፍከው መስሎኝ ነበር፣ ታውቃለህ? እኔ ሌት ተቀን የማስበው ስለዚያ ኩባያ ነው።»

«አባትሽ ቢያዩ ብዬ…»

«አባቴ ተራራው ላይ አልነበረም፣ ሙሩፕ። እኔ ነበርኩ።»

እጄን ወደ ደረቴ ሰድጄ ኩባያውን አወጣሁና ከምድጃው ላይ የቅቤ ሻይ ቀዳሁበት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጠጣች፤ ከዚያ ኩባያውን ስትመልስልኝ አገጯን ዳበሰች።

«ጺም የለም» አለች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

እናቴ ፊቷን ወደ ወናፉ አዞረች። «እኔ አልሰማሁም፣ አላየሁም» አለች። «ግን የማንቆርቆሪያዬን ቅቤ ማነው የላሰው?»

ዲስኪት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የመጨረሻዋን ፎቶ አመጣች።

ይህን እኔ ብነግራችሁ ኖሮ አታምኑኝም ነበር፤ እውነታችሁን ነው። ፍኖተ ሐሊብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ድንጋዩ ሥር፣ ረጅም ጅራቱን በረዶው ላይ ጠምዝዞ፣ አንድ የበረዶ ነብር ቁጭ ብሏል። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከማንቆርቆሪያዬ አፍ ቅቤ ይልሳል። ቅቤው ጥሞት ጸጥ ብሎ ስለቆየ ጺሙ እንኳ አልተበላሸም።

«ይቺ ናት የምትፈልጊያት ፎቶ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይቺ ናት» አለች። «በሐሳቤ ግን ማንቆርቆሪያው አልነበረም። አሁን ሳየው፣ ያለ ማንቆርቆሪያው ምን ልትመስል እንደነበር ማሰብ አቃተኝ።»

* * *

ዕለቱን ወደ ላይኛው ቤት ወጣን፤ እናቴ፣ ዲስኪትና እኔ። እናቴ ማንቆርቆሪያው ላይ ሌላ ቅቤ አልለጠፈችም። «የተራራው ጌታ ድመት የላሰውን እኔ አልደርብበትም» አለች። የበረዶ ነብርን እንዲህ ነው የምንጠራው፤ የተራራው ጌታ ድመት።

አዣንግ ፑንትሶግ ምድጃው ዳር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። እኔ በልማዴ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ፊታቸው አኖረች። ነጩን ሻሽ አዩ፤ መቁጠሪያው ቆመ።

«ይህ ምንድነው?»

«የሚያዩት ነው፣ አዣንግ» አለች እናቴ።

ዲስኪት ምንም ሳትል ካሜራውን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። ብዙ ቆዩ።

«ይህን የቀጥቃጩ ልጅ ነው የሠራው» አሉ በመጨረሻ። «የበረዶ ተኩላ በዓመት አንዴ ይሳለማል ብሎ ገዳሙ ደጃፍ ያስጠበቀኝ ይህ ልጅ ነው።»

«ፎቶው የኔ ነው፣ አባ» አለች ዲስኪት። «ጆሮውን እየው።»

ጆሮውን አዩ። ግራ ጆሮው ከጫፉ ተቀዷል። የሳቸውን በረት ሲዘርፍ በአጥሩ ሽቦ የተቀደደ ጆሮ ነው፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ይሄ ሌባ» አሉ። «የኔን ፍየል ሲበላ እንዲህ በትሕትና አልተቀመጠም።» ከዚያ ግን ካሜራውን ቀስ ብለው አስቀመጡትና ፊታቸው ከበደ። «ድመት ቅቤ ላሰ ብዬ ልጄን አልሰጥም። እኔ የምኖረው ከሰው ጋር ነው። ሠርጉ ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ልጆቿ በር ላይ ሲቀመጡ ማየት አለብኝ?»

ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ የፈራ አባት ጥያቄ ነበር።

«አንተ» አሉኝ። «ስትዋሽ ነው ያደግከው። አንድ ውሸት ያልሆነ ነገር ንገረኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለድንጋዩ የተለማመድኩት በሙሉ ከአእምሮዬ በረረ። እጄ ደረቴ ላይ ነበር፤ ኩባያውን ይዞ።

«ይህ ኩባያ ከብዶኛል፣ አዣንግ» አልኳቸው። «እንጨት ነው፤ ቀላል ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ደረቴ ውስጥ ከከተተልኝ ቀን ጀምሮ ግን ይከብደኛል። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወሬ የማበዛውም ማንም እንዳያየው ብዬ ይመስለኛል። ልጅዎ ዛሬ ጠጣችበት። አሁን እሷም ካልያዘችልኝ ብቻዬን አልችለውም።»

በምድጃው ውስጥ የደረቀ ኩበት ሲሰነጠቅ ተሰማ። ዲስኪት አባቷን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው፤ በነጭ የቀን ብርሃን፣ በሙሉ ዓይኗ። እኔም ጫማዬን አላየሁም።

አዣንግ ፑንትሶግ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው።»

«ምኑን?»

«ኩባያውን ነዋ። ልጄ ከጠጣችበት እኔ ምን ቤት ነኝ።»

ከበሩ ተነስቼ እስከ ምድጃው ሄድኩ። ያንን ወለል አቋርጬው አላውቅም ነበር። ኩባያዬን ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት፣ ከእናቴ ማንቆርቆሪያ ራሳቸው ቀዱበት። ጠጡ። እስከ ታች ጠጡ። ጢማቸውን ጠረጉ።

«ጠላሽ ይመራል» አሉ ለእናቴ።

«ተራራ ላይ አድሮ ነው» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

«የሌህ ሰዎች ነገ ይምጡ። ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።»

ኩባያዬን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን አልሰጡኝም። ተነሱ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ መደርደሪያው ሄዱና ከቤቱ ኩባያዎች መሃል፣ ከዲስኪት ኩባያ አጠገብ አኖሩት። ሲነካካ ትንሽ ድምፅ አሰማ።

«እዚያ ታገኘዋለህ፣ ሙሩፕ» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ ያኔ ገና ሰማሁ።

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ትልቅ ነገር፣ የሚያምር ነገር፣ አያቴ ያለበት ነገር ልናገር ፈለግሁ። ምንም አልመጣልኝም። እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ፤ ኩባያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ነፋስ ይገባበታል። የዲስኪት እጅ መጥቶ እዚያው ላይ አረፈ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

ዝም ብዬ ቆምኩ። ካሜራ ቢኖር ኖሮ ጭስ አልሆንም ነበር።